በስተግራ ያለው ሐይቅ

እኔ ታፔላ ጻፊ ነኝ። ሠላሳ ስምንት ዓመት ሙሉ የፀጉር ቤት፣ የፋርማሲ፣ የጎማ ጥገና ስም ስጽፍ ኖሬያለሁ። ፊደሌ ቀጥ ያለ ነው፣ የወደደ ማስመሪያ ይዞ ይምጣና ይለካው። ሰው ግን በፊደሌ አያውቀኝም፤ የሚያውቀኝ በሐይቁ ነው። "ያቺ ሐይቋን የምትስለዋ" ነው የሚሉኝ።

ሐይቁ እንዲህ ነው። ከተራራ አናት ቁልቁል ሲታይ ሰማያዊ ውኃ፣ መሃሉ ላይ ትንሽ ደሴት፣ ደሴቷ ላይ አንድ ትልቅ ዛፍ፣ ከውኃው ማዶ ደግሞ እንደ ጉልቻ የተቀመጡ ሦስት ተራሮች። ይህን ሥዕል አሥራ አራት ምግብ ቤት ግድግዳ ላይ ሥዬዋለሁ። አንድ ክሊኒክ መጠበቂያ ክፍል፣ ሁለት መዋዕለ ሕፃናት፣ አንድ የጭነት መኪና ጀርባ ላይም አለ። ሌሎቹ ሠዓሊዎች ከካሌንደር ነው የሚገለብጡት፤ በረዶ የለበሰ ተራራ፣ የእንጨት ቤት፣ ቀንዳም አጋዘን። ንቄያቸው ነው የኖርኩት፣ ምን እዋሻለሁ። "እኔ የምስለው ያለ ቦታ ነው" እላቸው ነበር። "በአውቶቡስ ሦስት ሰዓት ነው፤ እግር ካላችሁ ሄዳችሁ እዩ።"

እኔ ራሴ ግን ሄጄ አላውቅም። ያየችው እህቴ ናት።

ታናሽ እህቴን ቤት ውስጥ ሬዲዮ ነው የምንላት፤ ከተከፈተች አትዘጋም። አብረናት የሄድንበትን ሠርግ ስታወራ "ምነው እኔም በነበርኩ" የምታሰኝ ሴት ናት። አሥራ ስድስት ዓመቴ ነበር፣ እሷ አሥራ ሦስት፣ ትምህርት ቤታችን ተማሪውን ሁሉ ጭኖ ወደዚያ ተራራ ሊወስድ ተነሣ። የሁለታችንም ስም ተመዝግቧል። አምስት ቀን ሲቀረው እናታችን ከደረጃ ወድቃ ዳሌዋ ተሰበረ። አንዳችን መቅረት ነበረብን። ማን ይቅር የሚል ክርክር እንኳ አልተነሣም። ታላቅ መሆን ምን እንደሆነ ታላቅ የሆነ ያውቀዋል። እሷ ሄደች፣ እኔ እናቴን ሳጥብ፣ ሳገላብጥ ዋልኩ። ወደ ማታ ላይ የአውቶቡሱን ድምፅ ስሰማ እጄ ላይ ሳሙናው እንዳለ በሩ ላይ ቆሜ ጠበቅኳት።

"ንገሪኝ" አልኳት።

ነገረችኝ። ዛፎቹ ሲያልቁ መጀመሪያ ነፋሱ እንደሚመጣ፣ ከዚያ ውኃው ብልጭ እንደሚል፣ ደሴቷን፣ ዛፉን፣ ሦስቱን ተራሮች። ልጆቹ ሁሉ አፋቸውን ከፍተው እንደቀሩ፣ የሒሳብ አስተማሪው ባርኔጣውን ነፋስ ወስዶበት እንደተሳደበ ሳይቀር ነገረችኝ። በማግስቱ ከሰል አንሥቼ የወጥ ቤቱ ግድግዳ ላይ ሣልኩት። እናቴ ከተኛችበት ሆና "ይህቺ ልጅ እጅ አላት" አለች። ሥራዬ የተጀመረው ያን ቀን ነው ብል አልተሳሳትኩም።

ታዲያ እስካሁን ለምን አልሄድሽም የሚለኝ አይጠፋም። እናቴ ዘጠኝ ዓመት አልጋ ላይ ቆየች፤ እኔም ትምህርት ቤት ሳልመለስ ቀረሁ። ከዚያ ትዳር መጣ፣ ልጅ መጣ፣ ባል ሄደ፣ ሥራ በዛ። ደኑም ለተወሰኑ ዓመታት ተዘግቶ ነበር። እህቴን "እንሂድ እስቲ" ባልኳት ቁጥር ደግሞ ሰበብ አታጣም፤ አንዴ ጉልበቷ፣ አንዴ ዝናቡ፣ አንዴ እንግዳ። እኔም ብዙ አልገፋሁም፤ የማውቀው ቦታ ነው ብዬ።

ባለፈው ዓመት ታፔላ ላይ ፊደል መዝለል ጀመርኩ። የመጨረሻውን ፊደል የጻፍኩ ይመስለኛል፤ ባለሱቁ መጥቶ "ስሜን ቆረጥሽብኝ" ይለኛል። ሐኪም ቤት ስሄድ የዓይን ግፊት ነው አሉኝ። በቧንቧ እንደማየት ነው፤ መሃሉ ጥርት ያለ፣ ዳር ዳሩ የለም። ጥላ ውስጥ ስገባ መሃሉም ይደበዝዛል። ሐኪሙ ወሬ የማያበዛ ሰው ነው፤ "ማየት የምትፈልጊው ነገር ካለ ዘንድሮ እይው" አለኝ።

ልጄ "እማዬ፣ እኛ ጋ ነይ" አለኝ። ሚስቱም ደግ ናት፣ ክፍል አዘጋጅተውልኝ ነበር። እምቢ አልኩ። እህቴ ባሏ ከሞተ ወዲህ ብቻዋን ናት፤ እጄን ይዛ "እትዬ፣ እኔ እያለሁ ምን ሆነሽ? ዓይንሽ እኔ ነኝ" ስትለኝ ነገሩ አለቀ። ቀለሙን እሷ ትነግረኛለች፣ ደብዳቤውን እሷ ታነብልኛለች፣ በር ላይ የቆመው ማን እንደሆነ እሷ ትለኛለች። በሚቀጥለው ወር እኔ ጋ ልትገባ ተስማምተን አልጋዋን ሁሉ አሠርቻለሁ። ልጄ "ደግመሽ አስቢበት" ሲለኝ "ከእህቴ በላይ ማንን ልመን?" ብዬ አፉን አስዘጋሁት።

እንግዲህ ማየት የምፈልገው አንድ ነገር ነበር። እህቴ አሥር ሰበብ ደረደረች፣ አሥሩንም ናድኩባት። በመጨረሻ "እሺ በቃ፣ እንሂድ" አለችኝ፣ ጥርስ ልትነቀል የተቀጠረች ይመስል።

የደኑ መግቢያ ላይ ያለው ትልቁ ሥዕል የእኔ ነው። ከስድስት ዓመት በፊት ከተማ ያለው የደኑ መሥሪያ ቤት አዞኝ፣ ሱቄ ውስጥ ሥዬ በመኪና የላክሁት ነው። ሰማያዊው ትንሽ ለቋል፣ ሌላው ደህና ነው። የደን ጠባቂው ከዳሱ ወጣ፤ ቀጭን፣ ፂማም፣ ቦት ጫማው ከእግሩ የሚበልጥ ሰው።

"ይሄን የሣልኩት እኔ ነኝ" አልኩት፣ ኩራት ቢጤ ይዞኝ።

ሰውየው ከእግሬ እስከ ራሴ አየኝ። "እርስዎ ነዎት እንዴ? ውይ! እማማ፣ ስለዚህ ሥዕል እኮ እኔ ስንት ዓመት ሙሉ—"

"ማን ነው እማማ?" አልኩት። "ገና ሃምሳ ስምንቴ ነው፤ እናትህን እዚያው ፈልግ!"

"ይቅርታ፣ እትዬ። ማለቴ ስለ ሥዕሉ—"

"ወንድም፣ ቲኬቱን ቁረጥልን" ብላ እህቴ መሃል ገባች። "ፀሐዩ ሳይበረታ እንውጣበት።" ክንዴን ይዛ ጎተተችኝ። ሰውየው ከኋላችን "ቀትር ላይ ዙር ስላለኝ እደርስባችኋለሁ!" አለ።

መንገዱ ከበሩ አልፎ ጥቂት ከሄደ በኋላ ሽቅብ ነው። ሽቅብ ስል ግድግዳ ማለቴ ነው። በኋላም ስንወርድበት የመከራ ቦታ የሆነብኝ ይኸው ነው፤ ድንጋይ እንደ ደረጃ ተደርድሮ፣ አንዱ ከሌላው እኩል ያልሆነ። ከዚያ በላይ የዛፍ ሥር የበዛበት ቀይ አፈር ነው። ዛፎቹ ተቃቅፈው ፀሐይ አያስገቡም፤ ከጉልበቴ በታች ያለው ሁሉ ጨልሞብኛል።

እህቴ አንድ እርምጃ ቀድማ እጄን ይዛ መራችኝ። "ሥር አለ፣ እግርሽን አንሺ።" "እዚህ ጋ ያንሸራትታል፣ ወደኔ።" "አሁን ሜዳ ነው።" እኔም እሷ ያለችኝ ላይ እረግጣለሁ። አንዴም አልተደናቀፍኩም። ይህን ደብቄ ባወራ ግፍ ይሆንብኛል፤ ስትመራኝ አንዴም አልጣለችኝም።

"ልጄ አሁን ባየን" አልኳት። "ይሄን የሚያክል ዳገት፣ በአንቺ ዓይን!"

እጄን ብቻ ጎተተች።

"ምነው ሬዲዮዬ፣ ጣቢያው ጠፋ እንዴ?"

"ዳገት ነው እኮ እትዬ፣ ትንፋሼ አጠረ" አለች።

እሷ ዝም ስትል እኔ ቀጠልኩ። የነገረችኝን ሁሉ መልሼ ነገርኳት፤ ነፋሱን፣ ብልጭታውን፣ የሒሳብ አስተማሪውን ባርኔጣ። በቃሌ ነው የማውቀው፤ ለልጄ ማስተኛ ያደረግኩት ተረት እሱ ነበር። "ደሴቷ ላይ ያለው ዛፍ አሁን ምን ያክል ሆኖ ይሆን? ወይ ወድቆስ ቢሆን?" አልኳት። "እንጃ" አለችኝ።

መንገዱ ሁለት ቦታ ተከፈለ። "በየት ነው?" ስላት "በቀኝ" አለች፣ ሳታመነታ። በቀኝ ሄድን። ሃያ ደቂቃ ከሄድን በኋላ መንገዱ ጎርፍ የናደው ገደል አፍ ላይ አድርሶን ጠፋ።

"አርባ ሁለት ዓመት እኮ ነው እትዬ።"

እውነቷን ነው አልኩ። እኔ ትናንት ያስቀመጥኩትን ብሩሽ ዛሬ አላገኝም፣ እሷን ምን ብዬ ልቆጣት። ተመለስን፣ በግራው ወጣን።

ከዚያ በላይ አንድ አግዳሚ ወንበር አለ። እህቴ እዚያ ዘፍ ብላ ተቀመጠች። በዛፎቹ መሃል በር የምታክል ክፍተት አለች፤ በክፍተቷ በኩል ሰማይና ጉም ነው የሚታየው።

"ከዚህም እኮ ይታያል" አለችኝ።

"ምኑ?"

"ያው... አገሩ።"

"አገሩን ምን ላርገው? እኔ ሐይቁን ብዬ ነው የመጣሁት!"

"ጉልበትሽን አስቤ ነው እትዬ። ደግሞ ጉም አለ። ሌላ ቀን ብንመጣስ? ጥቢ ሲሆን፣ ጥርት ሲል..."

"አንቺ ሴትዮ፣ ሐኪሙ ያለኝን አልሰማሽም? የማንን ሌላ ቀን ነው የምታበድሪኝ?" ተቆጣሁ። እጇን ስይዛት ትንቀጠቀጣለች። ደክሟት መስሎኝ ቁጣዬ ወዲያው በረደ። ከቦርሳዬ ዳቦውን አውጥቼ ገመስኩላት፣ የተቀቀለውን እንቁላል ልጬ አጎረስኳት። በልጅነቷም እንዲህ ነበረች፤ ስትፈራ ነው ወይስ ስትራብ የምትንቀጠቀጠው አይለይም ነበር። እንቁላሏን እያላመጠች ዓይኗ እንባ ሞላ። "ምነው?" ስላት "አፈር ገባብኝ" አለች።

ወደ ቀትር ገደማ ዛፎቹ አለቁ። ነፋስ መጣ! ልክ እንዳለችው መጀመሪያ ነፋሱ ነው የመጣው። ጠፍጣፋ አለት አለ፣ ጫፉ ላይ የብረት አጥር። ጥላው ስለቀረ ዓይኔም በራልኝ። ብረቱን በሁለት እጄ ጨበጥኩ፣ ዓይኔን ጨፈንኩ፣ "እሰይ፣ ደረስኩ" ብዬ ገለጥኩት።

ሜዳ ነው። ማሳ ከማሳ ጋር ተጣፍፎ፣ ቆርቆሮ ጣሪያ እያብረቀረቀ፣ አንድ ጥቁር መንገድ ተጋድሞ፣ ራቅ ብሎ ደግሞ የድንጋይ መፍጫ አቧራውን እያጨሰ።

አልደነገጥኩም። በቧንቧ የሚያይ ሰው ሁሉን ነገር በአንዴ አያገኝም። አንገቴን ቀስ አድርጌ ከቀኝ ወደ ግራ አዞርኩ፣ ግድግዳ እንደምቀባ ሁሉ ረድፍ በረድፍ። ከላይ ሰማይ፣ ቀጥሎ ጉም፣ ቀጥሎ ማሳ። ሦስቱ ተራሮች የሉም። ከግራ ወደ ቀኝ መለስኩት። ዝቅ አድርጌ ደገምኩት። ሦስቴ እንደዚያ አደረግኩ። አንገቴ ደነዘዘ።

"ሐይቁ የት ጋር ነው?" አልኳት።

አንድ እርምጃ ወደ ኋላ ሸሸች።

"አንቺ፣ አላገኘሁትም እኮ። የት ጋር ነው?"

"በስተግራ" አለች ከኋላዬ። ድምፅዋ ቀጭን ነበር። "በስተግራ፣ ዝቅ ብሎ።"

በስተግራ፣ ዝቅ ብሎ አየሁ። ማሳ ነው።

"የለም።"

"አለ እትዬ። እኔ እያየሁት ነው።" አለችኝ። "ዓይንሽ ነው።"

አጥሩን ይዤ አለቱ ላይ ቁጭ አልኩ። በቃ፣ አልቆልኛል ማለት ነው። ሐኪሙ ዘንድሮ ብሎኝ ነበር፣ ዘንድሮም ሳይሞላ ቀድሞኛል። ያን የሚያክል ውኃ፣ ተራራ የሚያክል ተራራ ከፊቴ ተዘርግቶ ካላየሁ ነገ የልጄን ፊት ምን አባቴ አያለሁ? እንደ ልጅ ነው ያለቀስኩት፤ ንፍጤን በነጠላዬ ጫፍ እየጠረግኩ። እናቴ ስትሞት እንኳ እንደዚያ አላለቀስኩም። አርባ ሁለት ዓመት ጠብቄ፣ በሳምንት ወይ በወር ተቀድሜ ሳላየው መቅረቴ ነው ያንገበገበኝ።

እህቴ አጠገቤ ተቀመጠች፣ አቀፈችኝ። ጀርባዬን እያሻሸች ትነግረኝ ጀመር። "ውኃው ዛሬ ጥርት ያለ ሰማያዊ ነው፣ እትዬ። ደሴቷም አለች። ዛፉ አልወደቀም፣ እንዲያውም ሰፍቷል። ሦስቱም ተራሮች አሉ፣ የመሃለኛው አናቱ ላይ ትንሽ ደመና አለ..." ሬዲዮው ተከፈተ። እያለቀስኩ ሰማኋት። "ተባረኪ" አልኳት። "አንቺን ባይሰጠኝ ምን ይውጠኝ ነበር" አልኳት። እግዜር ያያል፣ እንደዚህ ነው ያልኳት።

የቦት ጫማ ኮቴ ተሰማ። ጠባቂው እያለከለከ ደረሰ። "ኧረ ጎበዝ ናችሁ! ደርሳችኋል!" አለና ፊቴን ሲያይ ደነገጠ። "ምነው እትዬ፣ ምን ሆኑ?"

"ሐይቁ አልታይ አለኝ ወንድሜ" አልኩት። "ዓይኔ ሄዷል።"

ሰውየው ሳቀ። ክፋት የለበትም ሳቁ። "እርስዎን ብቻ ነው እንዴ? ለማን ታይቶ ያውቃል! አሥራ አንድ ዓመት እዚህ ሠርቻለሁ፤ ሥዕልዎ ከተሰቀለ ወዲህ ሰው በየቀኑ እሱን አይቶ ይወጣል፣ ከዚያ ይወርድና 'ሐይቁን የት አደረጋችሁት?' ብሎ እኔን ይይዘኛል፣ የጠጣሁት ይመስል! ጠዋት ልነግርዎ የነበረው ይሄንኑ ነው። ሐይቅ የለም እትዬ፣ ኖሮም አያውቅም። ዓይንዎ ደህና ነው።"

እህቴ እጇን ከጀርባዬ ላይ አነሣች።

ዞር ብዬ ፊቷን መሃል ላይ አደረግኩት፣ ጥርት ብሎ የሚታየኝ ቦታ ላይ። ከንፈሯ ነጥቷል። እንደዚያ አድርጌ አይቻት አላውቅም።

"አልወጣሽም" አልኳት።

"አልወጣሁም።"

"ያን ቀን።"

"ደከመኝ እትዬ። ገና ከደረጃው ሳልጀምር ደከመኝ። አውቶቡሱ ውስጥ ገብቼ ተኛሁ። ሲወርዱ ነው የነቃሁት።"

ተኛሁ ነው ያለችኝ። እኔ ተራዬን ሰጥቻት፣ እናቴን ሳገላብጥ ውዬ፣ እሷ ተኛች።

"ሐይቁንስ ከየት አመጣሽው?"

"ሹፌሩ ወንበር ጀርባ ላይ ካሌንደር ተሰቅሎ ነበር" አለች።

ካሌንደር! ጠባቂው ባይኖር ጮኬ አገር እሰበስብ ነበር። እኔ! ገልባጮች እያልኩ ሰው ስሰድብ የኖርኩት እኔ፣ አሥራ አራት ግድግዳ ላይ የጎማ ነጋዴ ይሁን የቢራ ፋብሪካ የማላውቀው ካሌንደር ስለቀልቅ ኖሬያለሁ። "የምን ካሌንደር ነው?" ብዬ ጠየቅኳት፣ ምን እንደሚያደርግልኝ እንጃ። "የጎማ" አለችኝ።

"እጅሽ ላይ ሳሙና እንዳለ በሩ ላይ ቆመሽ 'ንገሪኝ' ስትይኝ ምን ልበል?" አለች እያለቀሰች። "'እንቅልፍ ወስዶኝ ነው የመጣሁት' ልበልሽ? በማግስቱ ደግሞ ግድግዳው ላይ ሣልሽው። እማዬም አደነቀችሽ። ከዚያ በኋላ እንዴት ብዬ ልመልሰው? በየዓመቱ ልነግርሽ እነሣለሁ፣ አንቺ ደግሞ አንድ ሌላ ግድግዳ ጨርሰሽ ትጠብቂኛለሽ።"

"እሱን ልተውልሽ እችላለሁ" አልኳት። ድምፄን ዝቅ አድርጌ ነው የተናገርኩት፤ ልጄ የሚፈራው እንደዚያ ስሆን ነው። "የአሥራ ሦስት ዓመት ልጅ ነበርሽ፣ ልጅ ይዋሻል። አድገሽም ያልነገርሽኝን ፈሪ ናት ብዬ ላልፈው እችላለሁ። አሁንስ? አሁን፣ እዚህ፣ ከፊትሽ ቁጭ ብዬ 'ታወርኩ' እያልኩ ሳለቅስ? 'ዓይንሽ ነው' አልሽኝ እኮ! የቀረችኝን ዓይን ነው የነጠቅሽኝ። ውሸትሽ እንዳይነቃብሽ ብለሽ አሳወርሽኝ!"

"ፈራሁ፣ እትዬ። በድንገት ከአፌ ወጣ።"

"ደሴቷም በድንገት ወጣች? ደመናውስ? የመሃለኛው ተራራ አናት ላይ ያለው ደመና?"

ጠባቂው ቦት ጫማውን እያየ ቆሟል፣ መሬት ተሰንጥቃ ብትውጠው የሚወድ ይመስላል። "እኔ... ልውረድ መሰለኝ" አለ።

"ቆይ" አልኩት። "አብረን ነው የምንወርደው።"

ከመነሣቴ በፊት ሜዳውን አንዴ ደግሜ አየሁት። ሌላ ሰው ብሆን ደስ ይለኝ ይሆናል፤ ማሳዎቹ ብጫና አረንጓዴ ናቸው፣ ብርሃኑም ደህና ነበር። ቀለሙን አሁን ብትጠይቁኝ እነግራችኋለሁ። እኔ ግን የመጣሁት ለእሱ አልነበረም።

ቁልቁለት ለእኔ ከዳገት ይብሳል። ጥላው ውስጥ እንደገባን መሬቱ ጠፋብኝ። እህቴ እንደ ልማዷ ቀድማ "ሥር አለ፣ ወደ ቀኝ እለፊው" አለች። እጇን ዘረጋች። አልያዝኩትም። ቆምኩ።

"ወንድሜ" አልኩ ወደ ኋላ። "እውነቷን ነው?"

"እ?"

"ሥር አለ ወይ?"

"አዎ እትዬ፣ አለ።"

በቀኝ አለፍኩ።

"እዚህ ጋ ያንሸራትታል" አለች።

"እውነቷን ነው?"

"እውነቷን ነው" አለ ሰውየው።

እንዲህ እያልን ወረድን። እሷ ትናገራለች፣ እኔ እጠይቃለሁ፣ እሱ ይመሰክራል። ሁሌም እውነቷን ነበር። ድምፅዋ እየቀጠነ፣ እየቀጠነ ሄደ። ጠባቂው አንድ ቦታ ላይ አላስችል ብሎት "እትዬ፣ እህትዎ እኮ በደንብ ነው የሚመሩዎት" አለኝ። "አንተ ያየኸውን ብቻ ንገረኝ" አልኩት። አዝኛለሁ ለሰውየው፤ በሌላ ሰው ቤት ገመና መሃል ቆሞ ምስክር መሆን ቀላል አይደለም።

አግዳሚ ወንበሩ ጋ ስንደርስ ተሰናበተን። ዙሩ ወደ ሌላኛው ጥበቃ ቤት ነው፣ መቅረት አይችልም። "የቀረው ትንሽ ነው፣ የሚያስቸግረው ደረጃው ብቻ ነው። እህትዎ አሉልዎት" ብሎኝ ሄደ። ኮቴው እስኪጠፋ ድረስ ሁለታችንም አልተነቃነቅንም።

"የሚቀጥለው ወርስ?" አለችኝ እህቴ። "እትዬ፣ የሚቀጥለው ወርስ እንዴት ነው?"

ዛፍ ዛፉን እየዳበስኩ አልፌያት ሄድኩ። ዓይነ ስውር ሰው በገዛ ቤቱ ውስጥ ምን ያህል ነገር ከሰው አፍ እንደሚጠብቅ ያን ጊዜ ነው ቁልጭ ብሎ የታየኝ። የዓይን መድኃኒቴ ሦስተኛው ጠብታ ነው ወይስ ሁለተኛው? በር ላይ ያለው ማን ነው? ልጄ የላከው ደብዳቤ ምን ይላል? ስታዝን፣ ስትፈራ፣ ስታፍር ሁሉ ደመና እየጨመረች ብታነብልኝ በምን አውቃለሁ?

ድንጋይ ደረጃው ጋ ደረስን። እሷ ሁለት ደረጃ ወርዳ ዞረች። "ቀኝ እግርሽን አውርጂ" አለችኝ። "ጠንካራ ነው፣ አይነቃነቅም።"

ቀኝ እግሬን አነሣሁ። ከእግሬ ሥር ጥቁር ነው። ጠንካራ ሊሆን ይችላል፤ ሳይሆን አይቀርም፤ ቀኑን ሙሉ እውነቷን ነው የመራችኝ። ጭንቅላቴ ይህን ያውቃል። እግሬ ግን አልወርድም አለ። መለስኩት። ከዚያ ቀሚሴን ሰብስቤ መሬት ላይ ቁጭ አልኩ፣ በመቀመጫዬ እየተንፏቀቅኩ፣ ድንጋዩን በመዳፌ እየዳበስኩ፣ አንድ በአንድ መውረድ ጀመርኩ።

"እትዬ! በናትሽ ተይ! እንደ ሕፃን?"

አንድ ደረጃ ወረድኩ።

"ክርንሽ ደማ እኮ! እጅሽን ስጪኝ! ርገሚኝ፣ ምቺኝ፣ እጅሽን ብቻ ስጪኝ!" እያለቀሰች ነበር፣ ይሰማኛል። ክርኔን ስዳብሰው እርጥብ ነው፤ ደም ይሁን ጭቃ አልለየሁትም። ሌላ ደረጃ ወረድኩ።

"እትዬ፣ ተነሺ" አለችኝ በሹክሹክታ። "ሰው እየመጣ ነው። ተነሺ፣ ያዩሻል።"

እጄን ድንጋዩ ላይ እንዳደረግኩ ቆም ብዬ አዳመጥኩ። ቅጠል ይንኮሻኮሻል፣ ውኃ የሆነ ቦታ ይወርዳል፣ የእሷ ትንፋሽ ይቆራረጣል። ሰው ይምጣ አይምጣ አላውቅም። የሚቀጥለውን ድንጋይ በእጄ ፈለግኩ።